በአንቴናው ላይ የሰጠሁት ቃል

አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል በጣሪያችን ላይ ነበር የሚያልፈው። ከቦሌ ማረፊያ ወዲያ፣ ወደ ጉርድ ሾላ በሚወስደው በኩል ለኖረ ሰው ይሄ አዲስ ወሬ አይደለም። ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ጨዋታውን አቋርጦ እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ ካለፈ በኋላ ካቆመበት ይቀጥላል። ቴሌቪዥን ግን እንደ ሰው አይጠብቅም።

በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነው። ትልቅ ንግግር ያለ ቀን ተጠርተን፣ ስማችን ተጠርቶ፣ አግዳሚ ላይ ተደርድረን እናያለን። አውሮፕላኑ ሲመጣ መጀመሪያ ድምፁ ይንተባተባል። ከዚያ የመሪው ፊት እንደ ተነካ ውሃ ይሞገዳል፣ አፍንጫው ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፣ አገጩ ከግንባሩ ይለያያል። ሳቅ ይመጣል። ግን ማን ይስቃል? ሴቱ ነጠላውን አፉ ውስጥ ይጎስራል፣ ወንዱ ጫማውን ያያል። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ አልቻለችም፤ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ሦስት ቀን ታስራ ወጣች።

ልጄ ያን ጊዜ ሃያ ዓመቱ ነው። በአንድ የመንግሥት ጥገና ክፍል ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይሠራል። አባቱ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነን። ልጅቷ የታሰረች ለት ከአዳራሹ ስንመለስ፣

«እማዬ፣ ይሄ እኮ የሚስተካከል ነገር ነው» አለኝ።

«ምኑ?»

«የሚንቀጠቀጠው።»

«ይንቀጠቀጥ! አንተን ምን አገባህ?» አልኩት። እንኳን የመሪን ፊት፣ የራሴን ጥላም የምፈራ ሴት ነኝ።

አልተወውም። ከሥራ ቦታው የተጣለ፣ ምስሉ የደበዘዘ ቴሌቪዥን ለምኖ አመጣና ጓዳ አስቀመጠው። ከዚያ ጣሪያ ላይ ወጣ። መስከረም ነበር፤ ቆርቆሮው ገና ከክረምቱ አልደረቀም። እንደነገረኝ ከሆነ ምስሉን የሚረብሸው ራሱ አውሮፕላኑ አይደለም። ከጣቢያው የሚመጣው ነገር አውሮፕላኑ ሆድ ላይ ነጥሮ ሁለተኛ ጊዜ ከላይ ይመጣል፤ አንቴናው ሁለቱንም ይውጥና ይታመማል። እሱ ያሰበው ሁለት አንቴና በአንድ እንጨት ላይ፣ አንዱን ከአንዱ በላይ አድርጎ፣ በሽቦ ማገናኘት ነው። የሽቦው ርዝመትና የሁለቱ ርቀት በልክ ከሆነ፣ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሁለቱም ይቀበሉታል፤ ከላይ የሚመጣውን ግን አንዱ ሲስብ አንዱ ይገፋና ያጠፉታል። እንዲህ ስጽፈው ቀላል ይመስላል። ልኩ ግን የት ነው? ያንን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እኔ ፈትል ፈትዬ ለሸማኔ እሰጥ ነበር። አንድ ልቃቂት ወሰደብኝ። በክሩ ይለካል፣ ልክ በሞከረ ቁጥር ክሩ ላይ ቋጠሮ ይቋጥራል። ስርጭቱ የሚጀምረው አመሻሽ ላይ ስለሆነ ከሥራ እንደመጣ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ እኔ እንዝርቴን ይዤ ጓዳ ቴሌቪዥኑ ፊት እቀመጣለሁ። አውሮፕላን ሲመጣ ዓይኔ ምስሉ ላይ ነው።

«ምን ይላል?» ይጮሃል ከላይ።

«ተሞገደ!»

«አሁንስ?»

«ባሰበት!»

ይወርዳል፣ ሽቦውን አንድ ጣት ያህል ይቆርጣል፣ ይወጣል። በማግሥቱ እንደገና። ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ሆና፣ «አንቺ፣ ልጅሽ ጣሪያ ላይ ሚስት አገኘ እንዴ? መውረድ እኮ እምቢ አለ!» ትለኛለች። «አውሮፕላን ሊያጠምድ ነው» ይላል ባሏ። እኔም እስቃለሁ፤ ሆዴ ግን አይስቅም። ጣሪያ ላይ ሽቦ ይዞ የቆመ ወጣት ላይ ያን ጊዜ ስንት ነገር ሊወራ እንደሚችል ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም።

ጥቅምትም፣ ኅዳርም አለፈ። አንድ ጊዜ ከጣሪያ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ፤ በወጌሻ ታሽቶ በሳምንቱ ተመልሶ ወጣ። ክሩ ቋጠሮ በቋጠሮ ሆኖ የመቁጠሪያ ክር መሰለ። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቀን አውሮፕላኑ መጣ፣ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ ምስሉ ግን ዝም አለ። ዜና የምታነበው ሴትዮ አንገቷ አልተጣመመም።

«እማዬ! ምን ይላል?»

«ቆመ» አልኩ። አልሰማኝም። «ቆመ እኮ ነው የምልህ!»

ከጣሪያ ላይ ሲዘል ሰማሁት። ያን ዓመት በቤታችን ደስታ የነበረበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ቀበሌው አዳራሽ ላይ ሰቀለው። መሪው ሳይሞገድ ንግግሩን ጨረሰ፤ ሊቀመንበሩ ልጄን በሁሉ ፊት አቀፈው። የጥገናው ክፍል ኮሚቴ ተሰብስቦ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠው። መሠረተ ትምህርት የተማርኩትን ያህል ቆጥሬ አነበብኩት፦ ሥራው አዲስ ፈጠራ ነው፤ ያለ ክፍሉ ፈቃድ ሌላ ሰው እንዳይሠራው፤ ሠሪውም ለክፍሉ በጣም አስፈላጊ ስለሆነ ከሥራው እንዳይነሳ ይላል። ያን ጊዜ ስለ ፈጠራ የተጻፈ ሕግ ይኑር አይኑር እኔ አላውቅም። እኔ ያየሁት የመጨረሻዋን መስመር ነው። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ የወጣቶች ስም ቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ ነበር። በዚያ ዙር የልጄ ስም ተለጥፎ፣ ወረቀቱን ሲያሳይ ተሰረዘ። በሰፈሩ ስሙ ተለጥፎ የተሰረዘለት እሱ ብቻ ነው።

ከሳሹ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጉርድ ሾላ አጠገብ ትንሽ ሱቅ ያላቸው፣ ሸበቶ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸውም ሁለት ሁለት አንቴና በአንድ እንጨት ላይ ለደንበኛ መስቀል ጀመሩ። ክፍሉ በወረቀቱ አስከለከላቸው፣ የሠሩትም ተወሰደባቸው። እሳቸው ደግሞ ለፍርድ ሸንጎው አመለከቱ። «ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፤ አንቴና የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ወረቀቱ ይሰረዝልኝ» ነው አቤቱታቸው።

ይህን ሁሉ እኔ ያወቅሁት ኋላ ነው። ልጄ ያን ጊዜ ምንም አልነገረኝም። እናቴ ትፈራለች፣ እንቅልፍ ታጣለች ብሎ ደበቀኝ። ሸንጎው የተቀመጠ ለት ጠዋት «ዛሬ አንድ ትንሽ ነገር አለችኝ፣ እዘገያለሁ» ብሎ ወጣ። በእኛ ቤት ለእናት ክፉ ነገር አይነገርም፤ እኔም ለእናቴ እንዲሁ ነበርኩ።

ወደ አምስት ሰዓት ላይ ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ በሩን አንኳኳ። ልጅ እግር ነው።

«እትዬ፣ ይፈለጋሉ።»

«የት?»

«ሸንጎ።»

«ምን አድርጌ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ልጅዎ እዚያ ነው፤ ጥሯት ብለውኝ ነው።»

ልጅዎ እዚያ ነው ሲለኝ እንዝርቴን ጥዬ ተከተልኩት። ከቤቴ እስከ ሸንጎው ድረስ ያለውን መንገድ በምን እንደሄድኩት አላስታውስም። የማስታውሰው ወንድሜን ነው። ቀይ ሽብር በሚባለው ጊዜ ቤታችን ሲፈተሽ ፈታሾቹ አንድ ደብተር አገኙና፣ «ይሄ የማን ጽሕፈት ነው? እንዴት ያምራል!» አሉ። እናቴ ደስ አላት። «የልጄ ነዋ! በትምህርት ቤቱ እሱን የሚያክል የለም» አለች። ለካ የሚፈልጉት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ የጻፈውን ሰው ነው። ወንድሜ በዚያው ወጣ፤ ቀብሩንም አናውቅም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ምላሷን ስትነክስ ኖረች። እኔ ከዚያ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ ሹም ስለ ልጅሽ ሲጠይቅሽ ልጅሽ ምንም አያውቅም፣ ምንም አይችልም።

ስገባ ሦስት ዳኞች ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። ልጄ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ የልጄ አንቴና ከነእንጨቱ ተጋድሟል። እንደ መሣሪያ ነው የታየኝ። ከጠረፍ ማዶ ሬዲዮ ይሰማል ብለውት ነው፣ ወሬ ያስተላልፋል ብለውት ነው አልኩ በልቤ። ሸበቶው ሰውዬ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እሳቸውን አሳባቂ አደረግኋቸው።

አስምለውኝ የመሃል ዳኛው፣ መነጽር ያደረጉ፣ በኋላ እንደሰማሁት መምህር የነበሩ ሰው፣ ጠየቁኝ። ድምፃቸው ክፉ አልነበረም።

«እናቴ፣ አይዞዎት። ልጅዎ፣ ይሄን ነገር ስሠራ ያየችኝ እናቴ ብቻ ናት ስላለን ነው የጠራንዎ። ይሄን ራሱ አስቦ ነው የሠራው?»

ልጄን አየሁት። በዓይኑ ጠቀሰኝ፤ አዎ በይ ማለቱ ነበር። እኔ ግን አውጪኝ ያለኝ መሰለኝ።

«ኧረ በእመብርሃን!» አልኩ። «እሱ ምን ጭንቅላት አለውና ያስባል!»

ልጄ «እማዬ...» አለ። «አንተ ዝም በል!» አሉት ከጎን ያሉት ዳኛ።

«ታዲያ ከየት አመጣው?» አሉ የመሃሉ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ይሻል ነበር። ግን ዝም ያለ ሰው የሚደብቀው አለው ይባላል፤ ሌላ ሰው ሲያደርግ አይቶ ነው ማለት ጥፋቱን ያቀልለታል ብዬ አሰብኩ። መቅዳት ትንሽ ጥፋት ነው፤ ማሰብ ነው ትልቁ።

«ከፈረንጅ ቤት ጣሪያ ላይ አይቶ ነው።»

«የት ያለ ፈረንጅ?»

«ቦሌ። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ነጭ ግንብ ቤት፣ ቀይ የብረት በር ያለው። ሁለቱ አንቴና እዚያ ተሰቅሎ ነበር። አብረን ስናልፍ ነው ያየነው።»

ቀይ በሩን ከየት እንዳመጣሁት እግዜር ይወቅ። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ቤቱ ራሱ ከአፌ ይወጣል፤ ውሻ ጨምሪበት ቢሉኝ እጨምር ነበር።

«ለመሥራትስ ስንት ጊዜ ፈጀበት?»

«ምን ጊዜ አለው! ቡና እስኪፈላ አይፈጅም። ማንም የሚያደርገው ነገር ነው፤ ሁለት እንጨት ማሰር ነው እኮ።»

የመሃሉ ዳኛ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ልጄን አይተው፣ እኔንም አይተው፣ «እዚህ የያዝነው ጥያቄ አንድ ነው» አሉ። «ሥራውን የሚያውቅ ሰው፣ ያለውን ነገር ይዞ ቁጭ ቢል፣ ወዲያው ይደርስበታል ወይ? የሚደርስበት ከሆነ ፈጠራ አይባልም። ልጁ አራት ወር ለፋሁበት፣ ምስክሬም እናቴ ናት ብሏል። እርስዎ ደግሞ ቡና እስኪፈላ ነው ይላሉ። እርግጠኛ ነዎት?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰው የገደለውን ነገር ከመሬት ላይ እንደሚያይ ሆኜ አንቴናውን አየሁት። አፌን ከፍቼ፣ አይ፣ ተሳስቻለሁ፣ አራት ወር ነው ልል ነበር። በሩ ጋ ጠመንጃ የያዘው ልጅ ቆሟል። ቃሏን ቀየረች፣ ዋሸች ይሉኛል፤ እኔን ከያዙ ደግሞ እሱን ማን ያያል?

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩ።

መንገድ ላይ ልጄ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። ቤት ስንደርስ በሩን ከፍቶ አስገባኝና፣ «እማዬ፣ ክስ እኮ አልነበረም። እኔን አልከሰሱኝም። ማዕረግ ነበር የምትሰጪኝ» አለኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳትፈሪ ብዬ።»

ፍርዱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተነበበ። ግልባጩን ይዞ ሲመጣ ተቀብዬው በጣቴ እየተከተልኩ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ረጅም ነገር አንብቤ አላውቅም። «ሁለት አንቴናዎችን ማገናኘት በሥራው ላይ ላለ ሰው ግልጽ የሆነ ነገር በመሆኑ፤ ከዚህ በፊትም በሌላ ቤት ላይ ተሠርቶ መታየቱ በሠሪው ወላጅ እናት በመሐላ የተረጋገጠ በመሆኑ፤ አዲስ ፈጠራ ተብሎ የተሰጠው ወረቀት ተሰርዟል።» ወላጅ እናት የሚለው ላይ ጣቴ ቆመ። ከመንግሥት ወረቀት ላይ ስለ እኔ ተጽፎ ያየሁት ያ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ተነስቼ ሸንጎው ጸሐፊ ዘንድ ሄድኩ። ዋሽቻለሁ፣ ፈርቼ ነው፣ ነጭ ግንብ የሚባል ቤት የለም አልኩት። አዳመጠኝ። ክፉ ልጅ አልነበረም።

«እትዬ፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለኝ። «መጀመሪያ ያሉትን በመሐላ ነው ያሉት። አሁን ወረቀቱ ተሰርዞ ልጅዎ ሊዘምት ሲል ቤቱ አልነበረም ቢሉ ማን ያምንዎታል? እናት ናት፣ ልጇን ልታስቀር ነው ይሉዎታል። ከዚያ በላይ ደግሞ በሐሰት ምስክርነት ይከሰሳሉ።»

«ልከሰስ!»

«እርስዎ ቢታሰሩ ስንቅ የሚያቀብልዎ ማነው? እሱ ይሄዳል።»

እውነቱን ነው። በፍርሃት የተናገርኩትን ሁሉም አምኗል፤ እውነቱን የሚያምነኝ አጣሁ።

በሚቀጥለው ዙር የልጄ ስም ተለጠፈ። የጥገናው ክፍል አልተከራከረለትም፤ ወረቀቱ ከተሰረዘ እሱም እንደማንኛውም ሠራተኛ ነው አሉ። ሊሄድ ሲል እቃውን ሲያስር አጠገቡ ተቀምጬ ካልሲውን አጥፍለት ነበር። ድንገት ፈገግ አለና፣

«ለመሆኑ ያ ፈረንጅ ቤት የት ጋ ነው?» አለኝ።

«ተወኝ ልጄ።»

«የምሬን ነው። ሰውየው አራት ወር ሳይለፋ እንዴት እንደሠራው ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር።»

መሳቄን አስታውሳለሁ። እሱም ሳቀ። አስቆ የሄደ ልጅ ነው። በመኪና ጭነው ወሰዷቸው። ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ደህና ነኝ፣ እግሬን ጫማው ላጠው፣ ሬዲዮ ክፍል ሊያስገቡኝ ይሆናል ይላል። ከዚያ ወዲያ ሁለተኛ አልመጣም። እስካሁንም አልመጣም።

ደብዳቤው በመጣ በወሩ ገደማ ሸበቶው ቴሌቪዥን ሠሪ ደጄ ላይ ቆሙ። ልዘጋባቸው አስቤ ነበር፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሲቆሙ ግን ሽማግሌ ደጅ ማቆም አቃተኝና ይግቡ አልኳቸው።

«እህቴ፣ ልጁ መዝመቱን የሰማሁት ትናንት ነው» አሉ። «በማርያም እልሻለሁ፣ ወረቀቱ ይሄ እንዳለበት አላወቅሁም። እኔ የፈለግሁት ሱቄን ብቻ ነው። አንቴና ከከለከሉኝ ምን ይቀረኛል?»

በርጩማ ሳብኩላቸው።

«አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። ቦሌ ያለ የፈረንጅ ቤት ጣሪያ ላይ ያልወጣሁበት የለም። ሃያ ዓመት እኔ ነኝ የሰቀልኩላቸው። አንቺ ያልሽው ቤት የለም።»

«ያውቁ ነበር?»

«የዚያኑ ለት፣ ከአፍሽ ሲወጣ። ልጁ የሠራውን እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀበሌያችሁ ጣሪያ ላይ ነው። ሦስት ቀን ቆሜ አይቼው ልኩ አልገባኝም። ወጥቼ ሽቦውን በገመድ ለክቼ ነው የሠራሁት። ሥራ አውቃለሁ የምል ሰው ሆኜ እኔ አልደረስኩበትም።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገሩም?»

ባርኔጣቸውን አዙረው አዙረው አዩት። «እናት መሰከረች። ከእናት በላይ ሆኜ እኔ በራሴ ላይ ልመስክር? ደግሞ ቀበሌ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ለካሁ ብል እኔን ምን ያደርጉኛል?»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ኧረ ተይ፣ ተነሺ አሉኝ። አልተነሳሁም። ይምጡና ይህንኑ ለዳኛው ይንገሩልኝ፤ ከእርስዎ አፍ ሲሰሙት ያምናሉ፤ እርስዎ ከሳሽ ነዎት፣ የእኔ ዘመድ አይደሉም፤ ወረቀቱ ከተመለሰ ክፍሉ ደብዳቤ ጽፎ ሊያስጠራው ይችላል አልኳቸው። ዕንባቸው መጣ። «እሺ» አሉ። «ነገ ጠዋት ሱቄ ነይ። አብረን እንሄዳለን።»

በማግሥቱ ንጹሕ ነጠላ ለብሼ ጉርድ ሾላ ደረስኩ። ሱቁ ተዘግቷል። ቁልፉ ተንጠልጥሏል። ገና ነው ብዬ ከደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሆነ። የላምበረት አውቶቡሶች በአቧራ ያልፋሉ። አንድ ሰውዬ በጨርቅ ተጠቅልሎ የታሰረ ሬዲዮ ይዞ መጥቶ አጠገቤ ቆመ፣ ጠበቀና ሄደ። ከጎን ካለው ሻይ ቤት አንዲት ሴት ስኒ ልታጥብ ወጥታ፣ «ጠዋት ከፍተው ነበር እኮ፤ አንቺ ስትመጪ ከታች ሲያዩሽ ነው መሰለኝ፣ በጓሮ በኩል ወጡ» አለችኝ።

ልቆጣ ሞክሬ ነበር። አልቻልኩም። በጓሮ በር ያስወጣቸው እኔን እርግጠኛ ነኝ ያሰኘኝ ፍርሃት ነው። ማንን ልክሰስ?

ሴትዮዋ ስኒውን አጥባ ሳትጨርስ፣ «ምን ተበላሽቶብሽ ነው? ሲመለሱ ልንገርልሽ?» አለችኝ።

«ቴሌቪዥን» አልኳት።

«ምን ሆነ?»

«ምስሉ ይንቀጠቀጣል» አልኩና ነጠላዬን አጣፍቼ ተነሣሁ።